‹ልቀቅ› የማይባልበት ቅደም ተከተል፦ በሪከርቭ ደጋን ሁሌም አንድ ዓይነት ውርወራ ለመገንባት

የቀስታችሁ ርዝመት 70 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ደጋኑን ስባችሁ እጃችሁ አገጫችሁ ሥር ሲያርፍ ከቀድሞው ቦታ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ አለ። ማነጣጠሪያው ያው ወርቁ (የዒላማው ቢጫ ክብ) መሐል ላይ ነው፤ ዓይናችሁ ምንም ልዩነት አላየም። የቀስቷ ጭራ ግን በ1 ሚሊ ሜትር ወርዷልና አፍንጫዋ ቀና ብሏል። 70 ሜትር ተጉዛ ስትደርስ ያቺ 1 ሚሊ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ሆናለች። በኦሊምፒክ ርቀት፣ ስፋቱ 122 ሳንቲ ሜትር በሆነው ዒላማ ላይ፣ የአሥር ነጥቡ ክብ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 6.1 ሳንቲ ሜትር ነው። አሥር የነበረችው ዘጠኝ ሆነች ማለት ነው። አዳራሽ ውስጥ በ18 ሜትር ብትወረውሩም አታመልጡም፤ ያችው ሚሊ ሜትር እዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፣ የአሥሩ ክብ ደግሞ ከመሐል እስከ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ አሁን ያደረጋችሁትን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ መድገም፣ ትናንት ያደረጋችሁትን ደግሞ ዛሬ መድገም ነው። ለዚህ የሚረዳው ከመቆም እስከ ቀስቷ ማረፍ ድረስ ያለው የማይለወጥ ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት አድርጋችሁ የራሳችሁን እንደምትገነቡ ነው። ሪከርቭ ደጋን (ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱ ደጋን) ይዛችሁ ቢያንስ ጥቂት ወራት የቆያችሁ፣ አንዳንድ ቀን ሦስቱም ቀስቶች እጅ ለእጅ የሚያያዙላችሁ፣ በማግስቱ ግን ምክንያቱ ሳይገባችሁ የሚበታተኑባችሁ ከሆነ ለእናንተ ነው። ጨርሶ ጀማሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር ይቁም፤ በጽሑፍ ብቻ የሚማሩት ሙያ አይደለም። የምገልጸው በቀኝ እጃቸው ለሚስቡ ነው፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

እኔ የተማርኩት በምኖርበት የአውሮፓ ከተማ፣ ክረምቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ከሚለማመድ አንድ ክበብ ነው። አሠልጣኜ በዕድሜ የገፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ወር ዒላማዬን ካዩ በኋላ ወረቀቱን ገንጥለው ጠቀለሉትና «ስድስት ሳምንት አታየውም» አሉኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ቀስት ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እነዚያ ስድስት ሳምንታት የሰጡኝ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ደጋኑ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ የሚከተለው ሁሉ ከንቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ስባችሁ፣ ሳትንቀጠቀጡ ወደ አሥር ሰከንድ ያህል ይዛችሁ፣ ከዚያ ሳትለቁ ቀስ ብላችሁ መልሱት፤ ይህን ትንሽ እያረፋችሁ አምስት ጊዜ መድገም ካቃታችሁ ክንፎቹን (ከእጀታው በላይና በታች ያሉትን የሚታጠፉ ክፍሎች) ቀይሩ። በደጋኑ ክንፍ ላይ የተጻፈው ፓውንድ በ28 ኢንች ስበት የተለካ ነው፤ ከዚያ በላይ ወይም በታች ለምትስቡት ለእያንዳንዱ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለጀማሪ አዋቂ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ ይበቃል። ከባድ ደጋን ይዞ መታየት የሚያስደስታቸው አሉ፤ እኔም ያለ ጊዜው ወደ 32 ገብቼ ግራ ትከሻዬን አሳምሜ ተመልሻለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀስት ሳይኖርበት አውታሩን በፍጹም አትልቀቁት። ጉልበቱን የምትወስድ ቀስት ከሌለች ጉልበቱ ሁሉ ወደ ክንፎቹ ይመለሳል፤ ደጋኑ ሊሰበር፣ እናንተም ልትጎዱ ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ሌሎች ነገሮች ማስታወሻ ደብተር፣ ቪዲዮ የሚያነሳ ስልክ፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርና ለቤት ልምምድ የሚሆን የስፖርት ላስቲክ ናቸው።

መጀመሪያ ያላችሁን እዩ

ሳታውቁት ዛሬም አንድ ዓይነት ሥርዓት አላችሁ። እሱን ሳታዩ አዲስ ብትገነቡ አሮጌው ከሥር እየወጣ ያስቸግራችኋል። ስልኩን መወርወሪያ መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ በስተኋላ አቁሙት፤ ከመስመሩ ፊት ለፊት ሰውም ዕቃም አይቆምም። ስድስት ቀስት ከፊታችሁ በኩል፣ ደረታችሁን እያሳየ፣ ስድስት ደግሞ ከሳቢው ክርናችሁ ጀርባ ይቅረጽ።

ስታዩት ቀስቶቹ የት እንዳረፉ እርሱት። የምታደርጉትን ሁሉ ጻፉ፦ ከናፍር መላስ፣ ሸሚዝ መጎተት፣ ኮሮጆ ማስተካከል፣ ካነሡ በኋላ እግር ማዛወር። ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ እጃችሁ አገጫችሁን ከነካበት እስከ ቀስቷ የወጣችበት ያለውን ጊዜ ለእያንዳንዷ ለኩ። የእኔ ፈጣኗ ቀስት አንድ ሰከንድ አልሞላችም፣ የዘገየችው ዘጠኝ ሰከንድ ቆይታ ነበር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብቻውን ዒላማዬ ለምን እንደ ወንፊት እንደሆነ ነገረኝ።

ዘጠኙ ቃላት

ቅደም ተከተላችሁ በቃላት ይጻፍ፤ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቃል፣ ቃሉም ትእዛዝ ይሁን። ውጭ አገር በሌላ ቋንቋ የተማራችሁ እንደሆነ በአማርኛ ጻፉት። እኔ አሠልጣኜ በሚናገሩት ቋንቋ ሳጠናው ደጋኑ ሲከብደኝ አእምሮዬ መተርጎም ይጀምራል፤ ለትርጉም የሚሆን ጊዜ ደግሞ እዚያ የለም። የአማርኛ ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። የእኔ ዝርዝር ይኸውላችሁ፦

ቁም። ክተት። ያዝ። እይ። አንሳ። ሳብ። ንካ። ክፈት። ቆይ።

‹ልቀቅ› የሚል ቃል እንደሌለ ልብ አላችሁ? ተረስቶ አይደለም፤ ምክንያቱን ‹ክፈት› ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ቁም። እግሮቻችሁ በትከሻ ስፋት ይራራቁ። ከዒላማው መስመር ጋር ልክ ጎን ለጎን መቆም ይቻላል፣ የግራ እግርን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ ደረትን ለዒላማው ጥቂት መክፈትም ይቻላል። ሁለቱም የሚያሸንፉበት አቋቋም ነው፤ አንዱን ምረጡና ተዉት። አዳራሽ ውስጥ በእግራችሁ ዙሪያ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ በየዙሩ እዚያው ግቡ። ክብደታችሁ ከተረከዝ ይልቅ ወደ እግር ፊት ያዘንብል፣ ጉልበት አይደርቅ፣ ደረት አይነፋ።

ክተት። የቀስቷ ጭራ አውታሩ ላይ ‹ጠቅ› እስክትል ትግባ፤ ለብቻው ቀለም ያለው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ ይዙር፤ የቀስቷ ጫፍ በክሊከሩ (ልካችሁን ስትስቡ በድምፅ በምትነግራችሁ ቀጭን ምላስ) ሥር ይለፍ። እጅ የሚሠራው ይህን ነው። አእምሮ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ፦ ያለፈችው ቀስት እዚህ ላይ ታበቃለች። ስድስትም ትሁን አሥር፣ ‹ጠቅ› የሚለው ድምፅ በሩን ይዘጋባታል። አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጡ።

ያዝ። ይህ ቃል ሁለቱን እጆች ይመለከታል፤ ጊዜ ውሰዱበት፣ ብዙው ስሕተት የሚወለደው እዚህ ነውና። መጀመሪያ የሚስበው እጅ። ጠቋሚ ጣት ከቀስቷ በላይ፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ከቀስቷ በታች። አውታሩ በመጀመሪያው የጣት መገጣጠሚያ እጥፋት ውስጥ ይተኛ። ሰው ‹በጣት ጫፍ ብይዝ ቶሎ ይለቅልኛል› ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጫፍ ላይ ሲይዙት እንዳይሾልክ ጣቱ ሁሉ ይወጠራል፣ የተወጠረ ጣት ደግሞ ሲለቅ አውታሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጠለቅ አድርጋችሁ እንደ መንጠቆ ያዙት፤ የእጃችሁ ጀርባ ግን ዝርግ፣ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሥራ ፈት ይሁኑ። ቀስቷን በጠቋሚና በመሐል ጣት አትቆንጥጧት፤ ታባችሁ (የሚስቡትን ጣቶች ከአውታሩ የሚከልለው መሸፈኛ) በጣቶቹ መካከል መለያ ካለው ይህን ችግር ያቃልላል።

ቀጥሎ ደጋኑን የሚገፋው እጅ። ደጋን አይጨበጥም፣ ይደገፋል። እጀታው የሚያርፈው በአውራ ጣታችሁ በኩል ባለው የመዳፍ ሥጋ ላይ ነው፤ መዳፋችሁን ከሚያካልለው ከረጅሙ መስመር ወዲያ፣ ወደ ትንሿ ጣት በኩል መሻገር የለበትም። የጣቶቻችሁ አንጓዎች ወደ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይታያሉ። ጣቶቹ ልል ናቸው። ልል ሲሆኑ ደጋኑ ይወድቃል ብላችሁ ስለምትሰጉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ታንቃላችሁ፣ ያቺ ማነቅ ቀስቷን ትጥላለች። መድኃኒቱ ከጣት ወደ ጣት የሚታሰር ማንገቻ ነው፤ የጫማ ክር ይበቃል። ደጋኑ እንደማይወድቅ እጃችሁ አንዴ ካመነ መጨበጡን በራሱ ይተወዋል።

እይ። ራሳችሁን ወደ ዒላማው አዙራችሁ የወርቁን መሐል ተመልከቱ። ከዚህ በኋላ ራስ አይነቃነቅም። አውታሩ ወደ ፊት ይመጣል እንጂ ፊት ወደ አውታሩ አይሄድም።

አንሳ። ሁለቱ እጆች አብረው ይነሡ፤ ማነጣጠሪያው ከወርቁ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቁም። ትንፋሽ የሚገባው አሁን ነው። ትከሻ አብሮ መነሣት ይፈልጋል፣ አትፍቀዱለት፤ የግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ ካልቆመ ኋላ ደጋኑ ወደ ውስጥ ይጨፈልቀዋል። የግራ ክርናችሁን ጠምዘዝ አድርጋችሁ የውስጥ እጥፋቱን ወደ ጎን አዙሩት፤ አውታሩ ክንዳችሁን የሚገርፈው ይህ ሲረሳ ነው።

ሳብ። በክንድ ጡንቻ ሳይሆን በጀርባ፣ የቀኝ ትከሻ አጥንትን ወደ አከርካሪ በማስጠጋት። ክርናችሁ ወደ ኋላ በሚዞር በር ላይ ያለ እጀታ እንደሆነ አስቡ። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፈጥኖ ጀምሮ መሐል ላይ መቆም፣ ወይም ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ መንጠቅ ሁለቱም ይበላሻሉ። እየሳባችሁ ማነጣጠሪያው በራሱ ወደ ወርቁ ይውረድ፣ ከትንፋሹም ጥቂቱ ይውጣ፤ የቀረው ደረታችሁ ውስጥ ይቆያል።

ንካ። መነሻ ላይ የነገርኳችሁ 1 ሚሊ ሜትር የምትኖረው እዚህ ነው። ጠቋሚ ጣት በመንጋጋ አጥንት ሥር ጥብቅ ብላ ትግባ። አውታሩ የአገጭን ፊት ይንካ። ያው አውታር የአፍንጫን ጫፍ ይንካ። ሦስት መነካካት ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ውርወራው የለም። ቀላል የሚመስል ነገር ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥርስ ነው፦ አፍ ከፈት ካለ መንጋጋ ይወርዳል፣ እጅም አብሮ ይወርዳል፣ ማነጣጠሪያው ምንም አልነገራችሁም። ጥርሳችሁ ሁሌ ገጠም ይበል። ማስቲካ እያኘኩ የሚወረውሩ ሰዎች ይህን አንብበው እንዲተፉት እለምናለሁ።

አሁን ዓይናችሁ የአውታሩን ብዥ ያለ ጥላ ያያል። ያ ጥላ ሁሌ በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከማነጣጠሪያው ቀለበት ቀኝ ጠርዝ አጠገብ ይውደቅ። ቀስቶቻችሁ ያለ ነፋስ ወደ ግራና ቀኝ ከተበተኑ ሌላ ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን ጥላ ተመልከቱት።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ቀስት ገብታ፣ ቀስት የሚሰካበት መቀበያው 3 ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሳቡና ንኩ። ሦስቱንም መነካካት በቆዳችሁ ቆጠራችሁ? ከዚያ ዓይን ገልጣችሁ ጥላው የት እንዳለ እዩና ሳትለቁ መልሱት። አሥር ጊዜ።

ክፈት። ክሊከር ለማያውቅ ሰው፦ ቀስቷን የምትጫን ቀጭን የብረት ወይም የካርቦን ምላስ ናት፤ የቀስቷ ጫፍ ከሥርዋ ሲወጣ ‹ቀጭ› ትላለች፣ ልካችሁን ሞልታችሁ እንደሳባችሁ ትነግራችኋለች። ‹ንካ› ላይ ስትቆሙ የሚቀራችሁ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ያቺን የምትሞሉት እጅን በመጎተት አይደለም። ደረት ሲሰፋ፣ የግራ እጅ ወደ ዒላማው፣ የቀኝ ክርን ወደ ኋላ እኩል ሲለያዩ፣ ልክ ሁለት ሳንቃ ያለው በር ከመሐል እንደሚከፈት ክሊከሩ ይወርዳል። ጣቶቹ ያን ጊዜ ሥራቸውን ያቆማሉ፣ አውታሩም ራሱ ይሄዳል።

‹ልቀቅ› ለምን እንደሌለ አሁን ይገባችኋል። ጣትን ‹ልቀቅ› ብላችሁ ስታዙት ጣቱ አንድ ነገር ያደርጋል፦ ይከፈታል፣ ይዘረጋል፣ ይነጠቃል። እያንዳንዱ አደራረግ ከሌላው ይለያል። ትእዛዙ ‹ክፈት› ሲሆን ግን የምታስቡት ጀርባችሁን ነው፤ ጣቱ መያዙን ከመተው በቀር የሚሠራው የለም። እጃችሁ አንገታችሁን እየታከከ ወደ ኋላ ከሄደ በትክክል ሆኗል። ወደ ጎን ከበረረ፣ ወይም እዚያው አገጭ ሥር ሞቶ ከቀረ፣ አንዱ ጣት ትእዛዝ ሰምቷል ማለት ነው።

ማነጣጠሪያው ወርቁ ላይ ሲዋልል አትጣሉት። ሕያው ሰው የያዘው ደጋን ይዋልላል። በግድ ላቁመው ስትሉ ጡንቻ ይደርቃል፣ መክፈቱም ይቆማል። ቢጫው ውስጥ ይዋኝ፣ እናንተ ክፈቱ።

ቆይ። ቀስቷ መቀበያውን ስትመታ ድምፁን እስክትሰሙ ድረስ የግራ እጃችሁ ወደ ዒላማው እንደተዘረጋ፣ ዓይናችሁም እዚያው ይቆይ። 70 ሜትር ላይ ይህ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፣ 18 ሜትር ላይ ግን ወዲያው ስለሆነ ‹አንድ፣ ሁለት› ብላችሁ ቁጠሩ። ቀስቷ ከወጣች በኋላ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ሰው አይጠፋም። ለውጡ ከመውጣቷ በፊት ነው፤ ቀና ብሎ ለማየት የሚጣደፍ ሰው እጁን የሚያወርደው ቀስቷ ገና አውታሩ ላይ ሳለች ነው።

አሥረኛው ቃል፦ አውርድ

ይህ ከዝርዝሩ ውጭ የቆመ ቃል ነው፤ በየትኛውም እርምጃ መካከል ሊገባ ይችላል። ጥላው ቦታውን ሳተ፣ አውርድ። ትከሻ ተነሣ፣ አውርድ። ከነካችሁ በኋላ ስድስት ሰከንድ አለፈና ክሊከሩ አልወረደም፣ አውርድ። ‹ኧረ ትሂድ፣ ምን አልባት ትሳካ ይሆናል› የሚል ሐሳብ መጣ፣ በተለይ ያን ጊዜ አውርድ።

ማውረድ ማለት አውታሩን በቁጥጥር መልሶ፣ ደጋኑን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ትንፋሽ ወስዶ ከ‹ክተት› ወይም ከ‹ያዝ› እንደገና መጀመር ነው። ካቆሙበት አይቀጠልም። ቀስተኛው ሲያወርድ የሚያፍር ከሆነ ገና ሥርዓት የለውም፤ ዘጠኙ ቃላት ትርጉም የሚኖራቸው አንዱ ሲጎድል ውርወራው የሚቆም ከሆነ ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አስይዘን ብትሉኝ ማውረድን አስይዛችኋለሁ።

ለመልመድ ከእያንዳንዱ ስድስት ቀስት አንዷን አስቀድማችሁ ምረጡና ምንም ያህል ጥሩ ብትሆን ‹ክፈት› ላይ ስትደርስ አውርዷት። መጀመሪያ ሰውነታችሁ እምቢ ይላል፤ እምቢታው ራሱ ጣታችሁ ለማን እንደሚታዘዝ ያሳያችኋል።

ስድስቱ ሳምንታት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዒላማ የለም። መቀበያው 3 እስከ 5 ሜትር ላይ፣ ወረቀት ሳይኖርበት፣ ማነጣጠሪያውን ጭራሽ ፍቱት። በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ቀስት ይበቃል። በየቀኑ አንድ ቃል ብቻ ተከታተሉ፦ ዛሬ ‹ያዝ›፣ ነገ ‹ንካ›፣ ከነገ ወዲያ ‹ክፈት›። ዘጠኙንም በአንዴ የሚጠብቅ አንዱንም አያገኝም። ቤት ውስጥ በላስቲኩ አሥር ደቂቃ፣ ከመስታወት ፊት፣ ቃላቱን ድምፅ አውጥታችሁ እየተናገራችሁ ተለማመዱ። ቤተሰብ ይስቅባችኋል፤ ግድ የለም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ርቀቱን ወደ 10 ሜትር፣ ከዚያ ወደ 18 አውጡት፤ ወረቀቱ ግን አሁንም ባዶ ነው። ማነጣጠሪያው ይመለስ። የጊዜ ነገር እዚህ ይገባል፦ ከ‹ንካ› እስከ ክሊከሩ ‹ቀጭ› ያለውን ጊዜ ጓደኛ ይለካላችሁ። ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ መካከል ብዙዎችን ይስማማል፤ ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል አያሳስበኝም፣ በቀስትና በቀስት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ እንዳያልፍ ነው የምጠብቀው።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ይሰቀል፣ ከተቻለ ከተለመደው ተለቅ ያለ። ነጥብ ግን አትመዝግቡ። መመዝገብ ያለበት ሌላ ነው።

ደብተሩ

ከእያንዳንዷ ቀስት በኋላ፣ የት እንዳረፈች ከማየታችሁ በፊት፣ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዘጠኙም ተፈጽመዋል? አዎ ከሆነ አንድ መስመር፣ ካልሆነ የጎደለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል። አንድ ቀን የጻፍኩት ስድስት ቀስት እንዲህ ነበር፦ መስመር፣ መስመር፣ ‹ን›፣ መስመር፣ ‹ክ›፣ ‹ክ›። (‹ክተት› እና ‹ክፈት› እንዳይምታቱብኝ ለመጀመሪያው ‹ጠ› እጽፋለሁ።) በወሩ መጨረሻ ስቆጥር ከጎደሉት ከግማሽ በላይ ‹ክ› ሆኖ አገኘሁት፤ የሚቀጥለው ወር ሥራዬ እዚያ ተቀመጠ። ነጥብ ብቻ የመዘገበ ሰው ይህን አያገኝም፤ ‹ዛሬ 240 አመጣሁ› ይላል እንጂ ጉድለቱ የት እንደገባ አያውቅም።

አሥር ላይ ያረፈች ነገር ግን ‹ን› የጎደላት ቀስት በደብተሩ ላይ የተሳሳተች ናት። ሰባት ላይ ያረፈች ሙሉ ቀስት ልክ ናት፤ እንዲህ ያሉ ሙሉ ቀስቶች ተሰብስበው በአንድ በኩል ሰባት ላይ ካረፉ የሚስተካከለው ማነጣጠሪያው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

ሰዓትና ሰው ሲኖር

በግል ፍልሚያ ተራ በተራ ሲወረወር ለአንድ ቀስት የሚሰጠው 20 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ‹ክተት› እስከ ‹ቆይ› ያለው ጉዟችሁ 13 ወይም 14 ሰከንድ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ አውርዶ ለመመለስ ጊዜው ጠባብ ነውና ማውረድ ካለ በጊዜ ይምጣ፤ ‹ሳብ› ላይ ያለን ስሕተት ‹ክፈት› እስኪደርስ አትጠብቁት። ልምምድ ላይ ጓደኛችሁ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ይቁጠርባችሁ። ፊሽካውንም ከልምምዱ ጋር አዋሕዱት፦ ሁለቴ ሲነፋ ወደ መስመሩ ትገባላችሁ፣ አንዴ ሲነፋ መወርወር ይጀመራል፣ ሦስቴ ሲነፋ ቀስት ለመሰብሰብ ይኬዳል፣ አምስትና ከዚያ በላይ ተከታትሎ ከተነፋ አደጋ አለና ወዲያው አውርዱ።

ልብ መምታቱ አይቀርም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የቀስተኞቹ የልብ ምት በቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ ሦስት ወርቅ የወሰደችው ደቡብ ኮሪያዊቷ አን ሳን እንኳ በመለያ ቀስት ላይ ልቧ በደቂቃ ከ100 በላይ ይመታ ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዉ ጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን በወንዶች ፍጻሜ 5 ለ 5 ተያይዘው የመጨረሻዋን አንዲት ቀስት ሲወረውሩ ሁለቱም አሥር መቱ፤ የወርቅ ሜዳሊያውን የለየው ለመሐሉ በ4.9 ሚሊ ሜትር መቅረብ ነበር። ሁለቱም ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልሞከሩም፤ ሺህ ጊዜ የሄዱበትን መንገድ ሄዱ።

እኔ ግን ከዚያ ውድድር ይበልጥ የምመለስበት ሌላ ፍልሚያ አለ። የቻዱ እስራኤል ማዳዬ በመጀመሪያው ዙር ከዚሁ ከኪም ጋር ተገናኘ። በመጀመሪያው ምድብ በሦስት ቀስት 26 አመጣ። በሁለተኛው ምድብ አንዷ ቀስቱ ከዒላማው ጠርዝ 1 ነጥብ ላይ አረፈች፤ ምድቡን በ15 ጨረሰ። የዓለም ዓይን እያየው እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው በሦስተኛው ምድብ ምን ያደርጋል? 25 አመጣ። ተሸንፎ ወጣ፤ ለእኔ ግን ከዚያች ቀስት በኋላ በሩን ዘግቶ ‹ክተት› ያለ ሰው ነው።

ሲበላሽ

አንድ ቀን ማነጣጠሪያው ወርቁን ገና ሲነካ ጣታችሁ በራሱ ይለቃል። ወይም ተገላቢጦሽ፦ ማነጣጠሪያው ከወርቁ በታች ይደርቅና አንድ ጣት ያህል እንኳ ወደ ላይ አልሄድ ይላል። ቀስተኞች የዒላማ ድንጋጤ የሚሉት ይህ ነው፤ ጎበዞችንም ይይዛል፣ የፈሪነት ምልክት አይደለም። ዓይን ወርቁን ባየ ቁጥር ጣትን ማዘዝ ለምዷል፣ ያ ነው ነገሩ። በጉልበት አይለቅም። ወረቀቱን አውርዳችሁ ወደ 3 ሜትር ተመለሱ፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ወረቀቱን ስቀሉና ሳቡ፣ ንኩ፣ አነጣጥሩ፣ አውርዱ፤ ምንም ቀስት ሳትወጣ ሠላሳ ጊዜ። ቀጥሎ ክሊከሩ ‹ቀጭ› ሲል ሳትለቁ መክፈታችሁን ሁለት ሰከንድ ቀጥላችሁ አውርዱ። ‹ቀጭ› ማለቱ የጣት አለቃ መሆኑ ሲቀር ቀስቶቹ ይመለሳሉ።

ቃላቱ አንዴ ከረጉ በኋላ ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንድ በአንድ፣ ከውድድር በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ጨርሶ አይነካም። አዲስ ታብ ስትገዙ፣ ክሊከሩን ስታዛውሩ ወይም ክንፍ ስትቀይሩ ‹ንካ› እና ‹ክፈት› ሳያስታውቁ ይናጋሉና፣ ያን ቀን የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ቀስቶች ወረቀት በሌለበት መቀበያ ላይ በ3 ሜትር ወርውሩ፣ ስድስቱን ደግሞ ቪዲዮ አንሡና ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።